እፍ ያልኩት ሰማያዊ

ሰኔ 17

የሥዕል አዳራሹ ኃላፊ ዛሬ ቤት ድረስ መጣ። ድሮ ሥዕል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ራሱ መላጣ ሆኖ እንኳ «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ክረምቱ ሲወጣ ለሚከፍተው ትርዒት አንድ ሙሉ ግድግዳ ሊሰጠኝ ወስኗል። አሥራ ሁለት የመልክዓ ምድር ሥዕል፣ ሁሉም በፓስቴል፣ በዚያ ደረቅ የቀለም ጠመኔ፣ እስከ ነሐሴ 20። ስንት ዝግጁ እንዳለኝ ጠየቀኝ። «አለ፣ አታስብ» አልኩት። ያለኝ ሦስት ነው። ከሦስቱም አንዱን ማታ ሳየው ጠላሁት።

እንግዳው እንደወጣ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ከውስጥ ክፍል ተጣራች። «ጠመኔ!» በዚህ ስም የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት። በስምንት ዓመቴ የቤቱን ግድግዳ በጠመኔ ስሞላው ያወጣችልኝ ነው፤ ይኸው ሃምሳ ስምንት ሞልቶኝም አልቀየረችውም።

«አሥራ ሁለት አለህ? በየትኛው እጅህ?»

«በሁለቱም» አልኳት።

«እንግዲያው በሩን ክፈትና ጀምር።»

በሩ እኮ ክፍት ነው። ሁልጊዜ ክፍት ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ የፊተኛው የኔ መሥሪያ፣ የውስጠኛው የእሷ መኝታ። አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖራ ሳንባዋ ከደከመ፣ ከአልጋ ከዋለችም ዓመት አልፏታል። አልጋዋን ከመስኮቱ አርቀን በሩ ትይዩ ያደረግነው እሷ ስላዘዘች ነው። ሥዕሉን ወደ እሷ አዙሬ እሠራለሁ፣ እሷ ትራሷን ተደግፋ ትፈርዳለች። ከዚህ ሌላ መዝናኛ የላትም። እኔም ሌላ ዳኛ የለኝም።

ሰኔ 21

ቸኩያለሁ። ሁለት ወረቀት ተበላሸ። ፓስቴሉን የሚይዘው የወረቀቱ ሻካራነት ነው፤ ይሄ እርጥበት ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙ ይንሸራተታል። ጨለማውን ደህና ጣልኩ፣ ብርሃኑ ላይ ስደርስ አልቀበልም አለኝ። እትዬን ከሰዓት በኋላ ሳል ያዛት። ብርዱ ነው። አንድ ብርድ ልብስ ደረብኩላት።

ሰኔ 26

ኃላፊው ከሥዕሎቹ አጠገብ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ጽሑፍም ይፈልጋል። «ተመስጦዎ ከየት ይመጣል?» የሚል። ሙሉ ጠዋት ቁጭ ብዬ አንድ መስመር አልወጣኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ተመስጦ ለልጆች ስለፍፍ ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን አፌ ተሳሰረ።

የማውቀው ይህን ነው። ከእትዬ መስኮት ፊት ለፊት፣ ከጓሮአችን ወዲያ፣ አንድ ጋራ አለ። ትልቅ አይደለም። ግማሽ ጎኑ ታርሷል፣ ግማሹ ድንጋይ ነው፣ አናቱ ላይ ሦስት ዛፍ ቆሟል። እሱን አይቼ እመጣና ወደ መሥሪያዬ ገብቼ እሥለዋለሁ። ሰዎች «አይሰለችህም?» ይሉኛል። ይሰለቸኛል እንጂ! ግን ጠዋት ያየሁት ጋራ ከሰዓት በኋላ የለም፤ ሄዷል፣ ሌላ ጋራ መጥቷል። እሱን ደግሞ ሳልይዘው ይመሻል። ይሄ ተመስጦ ከተባለ ይባል። እኔ ድካም ነው የምለው።

አሠራሩማ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጨለማው፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ ብርሃኑ በመጨረሻ። በየመሃሉ የረገፈውን ዱቄት እፍ እላለሁ።

ይሄ እፍ ማለት መጥፎ ልማድ ነው። ያስተማሩኝ ሰውዬ «ሰሌዳውን ውጭ አውጥተህ ከኋላው መታ መታ አድርግ እንጂ እፍ አትበል» እያሉ ጣቴን በማስመሪያ ይገርፉኝ ነበር። ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ ርጭትም አለ፤ እሱን አልነካውም፣ ብርሃኑን ያጠቁርብኛል። ውጭ እንዳላወጣው ዝናብ ነው። አንድ ጠብታ ካረፈበት የሳምንት ልፋት ገደል ገባ። ስለዚህ እፍ። ምን ይደረግ።

እትዬ እፍ ስል ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች። «ያኔም ሰሌዳህን እንዲህ እያልክ ቀሚሴን ነጭ ታለብሰው ነበር» አለችኝ። ሳቁ ሳል ሆነባት። ውሃ ሰጠኋት።

ሐምሌ 3

አምስተኛውን ጨረስኩ ብዬ አዞርኩላት።

«ይሄ አረንጓዴ የሱቅ ነው» አለች።

«የሱቅ ማለት?»

«ከሳጥን እንደወጣ የተቀባ። ከሥሩ ምንም የለበትም። ገበር የሌለው ኮት አይተህ አታውቅም?»

ደሜ ፈላ። እሷ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ እኔን ስለ ቀለም ታስተምረኝ አልኩ በሆዴ። በሆዴ ብቻ አልቀረም መሰለኝ፣ ሳጥኑን ሳስቀምጥ ጮኸ። ከዚያ አዲስ ወረቀት ወጠርኩና ከሥሩ ቀይ ጣልኩ፣ የሸክላ ጡብ የመሰለ ቀይ፣ በላዩ አረንጓዴውን በስሱ። ጋራው ረጠበ። ዝናብ የጠገበ መሬት ሆነ።

«አሁን ለበሰ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

እውነቱን ለዚህ ደብተር ልናገር፤ ዓይን ያላት እሷ ናት፣ እኔ እጅ ነኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ። የመጀመሪያውን የፓስቴል ሳጥን ያመጣችልኝ እሷ ናት። ማታ ማታ ክሮቿን መስኮቱ ላይ ደርድራ «ከነዚህ ጥቁሩ የቱ ነው?» ትለኝ ነበር። አንዱን አነሳለሁ። «እሱ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ድገም።» ሌላ አነሳለሁ። «እሱ የደፈረሰ ቡና ዓይነት ነው። ድገም።» ከመካከላቸው አንድም ጥቁር አልነበረም። ይህን ለኃላፊው ገጽ ልጽፈው አሰብኩና ተውኩት። ለግድግዳ የሚሆን ነገር አይደለም።

ሐምሌ 8

ነርሷ መጣች። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጎረቤታችን ናት፣ ከሥራ ስትመለስ ጎራ ትላለች። የእትዬን ጀርባ አዳመጠች። ከዚያ ቀጭን ወረቀት ቀድዳ ከእትዬ አፍ ፊት ያዘችና «እስቲ እትዬ፣ ሻማ እንደሚያጠፉ አድርገው እፍ ይበሉልኝ» አለቻት። የወረቀቱ ጫፍ ትንሽ ነቅነቅ አለ። «ይድገሙልኝ።» ሁለተኛው ከመጀመሪያው አነሰ።

እኔን ወደ ውጭ ሳብ አደረገችኝ። «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ጭስ አለ?»

«የለም። በኤሌክትሪክ ነው የምናበስለው።»

«ሲጋራስ?»

«በሕይወቴ አጭሼ አላውቅም።»

«አቧራ? የሚበን ነገር?»

«በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። መወልወሉስ እወለውላለሁ፣ ውሸት አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ሥዕሉን መሸፈንም የቆየ ልማዴ ነው። እሷም ስለ ፓስቴል አልጠየቀችኝ።

እትዬ ከአልጋዋ ሆና ሁሉንም ሰማች። ትንፍሽ አላለችም።

ሐምሌ 13

ስድስት አልቋል። ሰባተኛው ተጀምሯል። ሁለት ቀን ፍሬም ቤት ዋልኩ፣ ነርሷ ዕረፍት ስለነበረች አብራት ዋለች። «ሁለቱን ቀን አንዴም አላሳላቸው» አለችኝ ደስ ብሏት። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ነው። ዛሬ ደመና ነው፣ እኔም ሥራ ገባሁ፣ ሳሉም ተመለሰ። ደመናው ነው።

ሐምሌ 19

ፍሬም ሠሪው ወሬኛ ነው፣ ግን እጁን አምነዋለሁ። የፓስቴል ሥዕል ያለ መስታወት አይኖርም፤ መስታወቱም ቀለሙን መንካት የለበትም። በመሃላቸው የክብሪት እንጨት ያህል ክፍተት ይተዋል። ከተነካኩ ጋራው ከወረቀቱ ለቆ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ይህን ክፍተት እንደሱ የሚያስተካክል አላየሁም።

ዛሬ ስገባ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ጠበቀኝ።

«ምነው፣ ጉንፋን ያዘህ?»

«ኧረ ያንተን ሥዕል ከመጠቅለያው ላወጣ ስለሆነ ነው ጋሼ! ባለፈው ካንተ ሥዕል በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ስናፈጥ ሰማያዊ ነው የሚወጣኝ። ሚስቴ ልትፈታኝ ነበር። እኔ አንድ ሰዓት ነው የምነካው፤ እናንተ እዚያ ቤት ውስጥ እንዴት ትኖሩበታላችሁ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ያለው ነገር እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት ተንፍሼው ምንም አልሆንኩም። ምንም።

ሐምሌ 21

በሩን ገርበብ አደረግኩት። እትዬ «ጨለመብኝ» አለች። ከፈትኩት።

ሐምሌ 28

አንሶላ ልቀይር ብዬ ፍራሹን ቀና ሳደርግ መሐረቦች አገኘሁ። ሰባት። ዳር ዳራቸውን ራሷ የጠለፈቻቸው ነጭ መሐረቦች፣ ተጣጥፈው፣ ግድግዳው ጥግ ተሸጉጠው። አንዱን ዘረጋሁት። መሃሉ ሰማያዊ ነበር።

ክው አልኩ። ደም ቢሆን ይሻለኝ ነበር ልል ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ። ሰማያዊውን አውቀዋለሁ። የጋራውን ጥላ የምሠራበት ነው፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው፣ ገና ሲነኩት የሚፈረፈረው። ከሳጥኑ ውስጥ እንደሱ የሚረግፍ የለም፣ እንደሱ እፍ የምለውም የለም።

አንሶላው ቀለም ለቆባቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አንሶላውም ነጭ ነው።

ሰባቱንም አጠብኳቸው። እሷ ተኝታ ነበር፣ ወይም የተኛች መስላ ነበር። ነገ እነግራታለሁ። ነገ በሩን እዘጋለሁ።

ሐምሌ 29

አልዘጋሁም። ኃላፊው ደወለ፣ «ቲቸር፣ ግድግዳው ባዶ እንዳይቀርብኝ»። ዘጠነኛውን ጨረስኩ። እፍ አላልኩም። ሁለቴ ብቻ።

ነሐሴ 2

እትዬ ጤና ጣቢያ ተኛች። ጠዋት ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት። በጀርባዬ አዘልኳት፤ አርባ ኪሎ አትሞላም። ኦክስጅን አድርገውላታል። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ነሐሴ 4

ነርሷ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። እጄን አየች። ጥፍሮቼ ሥር ያለውን አየች።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሥሉበት ነገር ዱቄት ነው እንዴ?»

«አዎ» አልኳት።

«እኔ ጠይቄዎት አልነበር?»

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር። «የጠፋው ሳንባ አይመለስም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያለውን እናቆይላቸው። ያ ዱቄት ከሳቸው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መዋል የለበትም።» አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ፣ እንደ ተማሪ።

ቤት ስገባ ዝም ብሏል። የሳል ድምፅ የለም። እንደ ልቤ እፍ ማለት እችል ነበር። እንግዲህ ይሄም ይጻፍ፦ ተቀምጬ አሥረኛውን ጀመርኩ። እህቱን ሐኪም ቤት ያስተኛ ሰው፣ በሦስተኛው ቀን ሥዕል። ሲያልቅ በልማዴ ወደ በሩ አዞርኩት። ባዶ አልጋ። ደግሜ አየሁት፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ ይሁን መለየት አቃተኝ። አረንጓዴው ግን የሱቅ ይመስለኛል። ቀደድኩት።

ነሐሴ 7

እትዬ ነገ ትመጣለች። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱን አጠብኩ። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ የስፌት መኪናዋን ከነመርገጫው። የመጀመሪያው ባልዲ ውሃ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ግራጫ። ስድስተኛው ላይ ነው ውሃ የመሰለው። ከአልጋዋ ራስጌ፣ ትራሷ ከሚያርፍበት በላይ፣ ጨርቁን አንድ ጊዜ ሳሳልፈው መስመር ወጣ። ጣቴ ላይ የቀረውን ቆሜ አየሁት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ሳጥኑን ጠርቅሜ በገመድ አስሬ ለነርሷ ሰጠኋት፣ እሷ ቤት ይቀመጥ። ለኃላፊው ዘጠኝ እንደሆነ፣ ሌላ እንደማይኖር ነገርኩት። «ይሁን ቲቸር» አለኝ፤ ድምፁ ግን «ይሁን» አላለም።

ነሐሴ 8

አስገብቼ አስተኛኋት። ቤቱን በዓይኗ ዞረችው።

«ሳጥኑ የታለ?»

«ወጣ።»

«የት ወጣ?»

«እትዬ፣ አልሠራም። አቁሜያለሁ። መሐረቦቹን አግኝቻቸዋለሁ።»

ትንፋሿን ትሰበስብ ነበር። አሁን አንድ ነገር ለመናገር መጀመሪያ ትሰበስባለች።

«በሩን ክፍት ያስደረገው ማነው? አንተ ነህ?»

«አንቺ ነሽ። እኔ ግን—»

«ቆይ። ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ። ደደብ መሰልኩህ? የተፋሁትን ቀለም አላውቀውም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትዘጋው ነበራ።» እንደገና ትንፋሽ ሰበሰበች። «በሩ ሲዘጋ እኔ ምን አለኝ? ጣሪያ? ጣሪያውን እንድቆጥርልህ ነው? ቆርቆሮው አሥራ አራት ነው። ይኸው ቆጠርኩ።»

«ትሞቻለሽ፣ እትዬ።»

«ሳላይም እሞታለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያን ሁሉ ቀን ብርዱ ነው፣ ደመናው ነው እያልኩ ራሴን ስደልል እሷ ታውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ይህን ደብተር ወደኋላ ገልጬ አነበብኩት፤ በየገጹ አውቅ ነበር።

ነሐሴ 11

እንደተኳረፍን ነን። ሾርባውን ትጠጣለች፣ አታየኝም። ሳል ቀንሷል። ቤቱ ንጹሕ ነው። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው፣ ወዲህ የሚታይ ነገር ግን የለም፤ ባዶ የሥዕል መቆሚያና እጁን አጣምሮ የተቀመጠ ሰው።

ነሐሴ 13

ነርሷ ወረቀቷን ይዛ መጣች። እትዬ እፍ አልልም አለቻት። «ለምኔ?» አለች።

ነርሷ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ሳንባቸው ትንሽ ተሽሎታል» አለች። «እሳቸው ግን አልተሻላቸውም።»

ነሐሴ 15

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ሄጄ ሳጥኑን ከነርሷ ተቀበልኩ። ዓይኗን ጎልጉላ ስታየኝ «ውጭ ነው፣ ውጭ» አልኳት።

መጀመሪያ የእትዬን አልጋ ከበሩ ወደ መስኮቱ ገፋሁት። ምን ልታደርግ ነው እንዳትል አኩርፋለች፤ ቅንድቧን ብቻ አነሳች። መስኮቱን ዘጋሁ፣ የሚያስገባውን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ጠቀጠቅኩ። ከዚያ መቆሚያውን ጓሮ አወጣሁና ጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ሥዕሉ ወደ እሷ ዞሮ ተከልኩት። እኔ እንዳልጋርዳት ከሥዕሉ ጎን ቆምኩ። ጋራው ከኋላዬ ነው፤ ለማየት አንገቴን መጠምዘዝ አለብኝ። እሷ ግን ጋራውንም ወረቀቱንም አንድ ላይ ታያለች።

ድምፅ አይሰማም። አፏን አየዋለሁ፣ አይገባኝም። መጨረሻ ላይ ስትናደድ እጇን አወጣች። ሁለት ጣቷን እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ አደረገች፣ ወደ ሰማዩ። ቁረጠው ማለቷ ነው፤ ሰማዩ በዝቷል። ቆረጥኩት። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ገጠመች፣ ሰፊ ልብስ ለማጥበብ እንደምትይዘው። የጋራውን ጎን አጠበብኩ። መዳፏን ዘርግታ በአየር ላይ ተኮሰች። የእርሻውን ቦታ በአውራ ጣቴ አለሰለስኩ። አርባ ዓመት ለሠልጣኞቿ መርፌ በአፏ ይዛ ያሳየቻቸው ምልክት ነው፤ እኔም በሥሯ ስላደግኩ አልረሳሁትም።

ሰሌዳውን አንስቼ ከኋላው መታ መታ አደረግኩ። ዱቄቱን ነፋስ ወሰደው። ማስመሪያ የያዙት ሰውዬ ቢያዩኝ።

ነሐሴ 18

እግሬ ዝሏል፣ ወገቤ የኔ አይደለም። ዝናቡ ሲመጣ ሥዕሉን ደረቴ ላይ ሳላስነካ ወደ ነርሷ በረንዳ እሮጣለሁ፣ ሲያባራ እመለሳለሁ። ዛሬ አራት ጊዜ ሮጥኩ። ሲመሽ ልብሴን እዚያው ቀይሬ፣ እጄን ታጥቤ ነው የምገባው። እትዬ «ዘበኛ መሰልክ» አለችኝ። ከተኳረፍን ወዲህ ስታናግረኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ለኃላፊው የሚለጠፈውን ጽሑፍ ላክሁ። «ዓይኑ የእህቴ ነው፣ እጁ የኔ» ብዬ። «ቲቸር፣ ገጹ ትንሽ አጠረች» አለኝ። ትጠር አልኩት።

ነሐሴ 19

ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። አሥራ ሁለት አይሞላም፤ አሥረኛውን ነው የያዝኩት። ግድግዳው ላይ ሁለት ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ይቅር።

ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ለአጭር ጊዜ ወጣ። ከሥሩ ቀዩን ጥያለሁ፣ አረንጓዴውን በላዩ በስሱ አሳለፍኩና ልጠይቃት ወደ እሷ ቀና ከማለቴ በፊት፣ ምን ልማድ ነው፣ አፌን አሹዬ እፍ አልኩት። ደነገጥኩ። የመስኮቱ መስታወት በመሃላችን እንዳለ ትዝ አለኝና ቀና አልኩ።

እየሳቀች ነበር። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ አይሰማም። ሳል ይሆንባታል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሆነም። በክንዷ ተደግፋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ትንፋሿን ሰበሰበች። ሲሰበሰብ አየሁት፣ ቀስ እያለ። ከዚያ ከንፈሯን አሾለችና እኔኑ እያሾፈችብኝ መስታወቱን እፍ አለችው።

መስታወቱ ላይ ጉም ወጣ። የመዳፌን ያህል የሚሆን። ፊቷን ሸፈነብኝ።

አረንጓዴውን ገና አልፈረደችልኝም ነበር። ቀለሙን በእጄ እንደያዝኩ ጉሙ እስኪለቅ ቆሜ ጠበቅኳት።